ኪስ የሌለው ኮት በቦንጋ

ማክሰኞ

ወደ ቦንጋ የሄድኩት ጫካ ልጎበኝ አይደለም። ማር ልገዛም አይደለም፤ መግዛቱንስ ገዝቻለሁ። የሄድኩት የእህቴን ልጅ ሜሮንን ተከትዬ፣ ስድስት ኮትና ስድስት ሱሪ የታጨቀበት ሻንጣ ልሸከም ነው። ሥራዬ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ነው። ስለ ልብስ የማውቀው ሲቀደድና ሲጠብ ብቻ ሲሆን፣ የእኔ አብዛኛውን ጊዜ ይጠባል። እህቴ ግን "ልጅቷ ብቻዋን አትሄድም" አለች። እህቴ አለች ማለት ነጋሪት ተጎሰመ ማለት ነው።

ሜሮን የወንድ ልብስ ትሠራለች፤ ሞዴሎች ለብሰውት መድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉበትን ዓይነት። የምትከተለው መንገድ ሚኒማሊዝም ይባላል። ወልቂጤ እስክንደርስ አስረዳችኝ፤ አልገባኝም። ጊቤን ስንወርድ ትንሽ ገባኝ። ጅማ ስንደርስ የገባው ተመልሶ ወጣ። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከልብስ ላይ የማያስፈልገው ሁሉ ይነሳል። ኮሌታው ይነሳል፣ ቁልፉ ይነሳል፣ ኪሱ ይነሳል።

"ታዲያ ምን ቀረ?" አልኳት።

"ሰውየው ይቀራል፣ ጋሼ። ልብሱ ዝም ሲል ሰውየው ይታያል።"

"ስልኩንስ የት ያደርጋል?"

"አይይዝም።"

"መታወቂያውንስ?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔ ልቀልድ እንጂ ነገሩ ለእሷ የሞት ሽረት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የገነነ የፋሽን ትርዒት የሚያዘጋጁ ወይዘሮ ህሊና የሚባሉ ሴት አሉ። የሜሮንን ሥራ ደጋግመው መልሰውባታል። በመጨረሻ ግን "ጫካውን ለማየት ካፋ እሄዳለሁ። ልብሱ የዚያ አገር ነው ካልሽ ቅዳሜ ቦንጋ ላይ አሳዪኝ" አሏት። ሜሮን ልጅነቷን ያሳለፈችው ቦንጋ ነው፤ አባቷ እዚያ ተመድቦ ይሠራ ነበር። የኮቶቿን ቀለም ሁሉ ከዚያ ነው የቀዳሁት ትላለች፦ የቡና ገለፈት፣ የደረቀ ቀርከሃ፣ ነጭ ማር። ቅዳሜ ካልተሳካላት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ባንክ ቤት ልትቀጠር ለእናቷ ቃል ገብታለች። ልጅቷ ከባንክ መስኮት ኋላ ስትቀመጥ በዓይነ ሕሊናዬ ስስላት ራሴን ያመኛል።

ጅማ ያደርንበት ሆቴል ሚኒማሊዝምን ከሜሮን ቀድሞ ያወቀው ነው። አምፖሉ ተነስቷል፣ ፎጣው ተነስቷል፣ ውሃው ተነስቷል። የቀረው ሰውየው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ፤ ለትኋኑም ወለል ብዬ ታየሁት።

ረቡዕ

ከጅማ ቦንጋ በሚኒባስ ተሳፈርን። ሻንጣውን ረዳቱ ከጣራው ላይ አሰረው፤ አሰርኩት ብሎ ማለ። የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከኋላ "ወደቀ! ወደቀ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ዘወር ስል የሜሮን ሕይወት ያለበት ሻንጣ ቀይ ጭቃ ውስጥ በጀርባው ተኝቷል።

አዲስ አበባ ቢሆን ሻንጣው መሬት ሳይነካ ሌላ ባለቤት ያገኝ ነበር። እዚህ ግን ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ወረደ። አንዲት እናት "ያዝልኝማ" ብለው ዶሮአቸውን አሳቀፉኝና በነጠላቸው ጫፍ ሻንጣውን ይጠርጉ ጀመር። ዚፑ ፈንድቶ ጭቃው ገብቷል። ከስድስቱ ኮት ሦስቱ አዲስ ቀለም ወጥቶላቸዋል። ሜሮን ጉንጯን ነከሰች። ዶሮዋ በበኩሏ እጄ ላይ ከሆዷ የማያስፈልገውን አስወገደች።

ቦንጋን ያላያችሁ እንዲህ አስቧት፦ ጫካው "እስቲ ለጊዜው እዚህ ተቀመጪ" ብሎ የፈቀደላት ትመስላለች። አረንጓዴው ከመብዛቱ የተነሳ ዓይን ያሳክካል። እኛ ሰፈር አንዲት ባሕር ዛፍ አለች፤ እሷም ከላይ እስከ ታች ሽቦ ተጠምጥሞባት የመብራት ምሰሶ መስላለች። ዝናቡም የኛን ዓይነት አይደለም። የኛው ይመጣል፣ ጎርፍ ያስነሳል፣ ይሄዳል። የቦንጋው ተከራይ ነው።

ያረፍነው እትዬ አሰለፈች ቤት ነው፤ ሜሮንን በልጅነቷ ያቀፏት ጎረቤት ናቸው። እሷን ስመው ስመው ሲጨርሱ እኔን ደገሙኝ። ራት ቆጮ በጎመን ቀረበ። እኔ ቆጮን የማውቀው ከክትፎ ጋር ተጋብቶ ነው፤ ረቡዕ ስለነበር ክትፎው ተነስቷል። ሚኒማሊዝም እስከ ሌማት ድረስ ተከተለኝ። ግን ምን ዓይነት ጎመን! ጣቴን አብሬ እንዳልውጠው በሌላ እጄ ይዤው ነው የበላሁ።

"ብላ እንጂ ንጉሤ፣ ምነው እንደ ወፍ?" ይሉኛል እትዬ አሰለፈች፣ ሦስተኛውን ቆጮ ስጠቀልል።

ከራት በኋላ ጭቃ የነካውን ሲያጥቡ ኮቱን አገላብጠው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሜሪዬ፣ ቁልፍ አጥሮሽ ነው እንዴ ልጄ?" አሏት።

"አይ እትዬ፣ ሆን ብዬ ነው።"

"የባሌ ኮት ሳጥን ውስጥ አለ። ቁልፉ የቀንድ ነው፣ የድሮ። ነፍሱን ይማረውና እሱ እንደሆን አይለብሰው። ልቁረጥልሽ?"

"እትዬ፣ አይሆንም፤ እውነቴን ነው።"

እትዬ አሰለፈች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እንደ ስምምነት ወሰድኩት።

በዚያው ቀን ስልክ ተደወለ። ይመጣሉ ከተባሉት ሦስት ሞዴሎች ሁለቱ የማስታወቂያ ሥራ አግኝተው ቀርተዋል። የሚመጣው ናታን የሚባለው ብቻ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት መብራት የለም። የታጠቡት ልብሶች ማጀት እሳት ዳር አድረው ጭስ ጭስ ይላሉ፤ ተጨማደው የእኔን ግንባር አክለዋል። የከሰል ካውያ ያለው ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልዴ ነው ተባለ። ሜሮን ስልክ ላይ ስለነበረች ስድስቱንም ኮት ተሸክሜ ሄድኩ።

ጋሽ ወልዴ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ የነጩን ማር ኮት ወደ ብርሃን አነሳ። ፊቱን አዞረው። ጀርባውን አዞረው። እጅጌው ውስጥ እጁን ከቶ ፈለገ።

"ኪሱስ?" አለኝ።

"የለውም።"

"ቁልፉስ?"

"የለውም።"

"እንዴት ነው ታዲያ ሳያልቅ የሚተኮሰው?"

ደህና መልስ መስጠት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ምላሴ ከጭንቅላቴ ቀድማ የተወለደች ነች። "ጋሽ ወልዴ፣ ኪስ ለባለ ገንዘብ ነው። እኛ አዲስ አበቤዎች ዘንድሮ ምን እንጨምርበታለን? አራግፈን ነው የመጣነው!" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና "አይዞዎት። ነገ ጠዋት ይምጡ" አለኝ። እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው ብዬ ሄድኩ።

ቀጥሎ ሞዴል ፍለጋ። እትዬ አሰለፈች "ሺሺንዳ የሚያስተምር የወሎ ልጅ አለ፤ እዚህ ሲያስተምር እኔ ዘንድ ተከራይቶ ነበር። በር ሲገባ እንደ ቀስት ይታጠፋል" አሉን። ተሳፍረን ሺሺንዳ ሄድን። መምህር ደሳለኝ ከክፍል ሲወጣ አየነው፤ በእውነት የመብራት ምሰሶ ቢያየው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳዋል። ሻይ ቤት ተቀምጠን ሜሮን ነገሩን አስረዳችው።

"ምንድነው የማደርገው ታዲያ?" አለ።

"መሄድ ብቻ ነው። አለመሳቅ፣ ሰው አለማየት፣ ፊትህን መዝጋት።"

"እሱማ ፈተና ስፈትን የማደርገው ነው።"

በዚህ ተቀጠረ። የሻዩን ሒሳብ ባለቤቲቱ አልቀበልም አሉን፤ "የመምህር እንግዳ አይከፍልም።" እኛ ሰፈር የመምህር እንግዳ ከሆንክ ቅድሚያ ክፈል ነው የምትባለው።

ሦስተኛው ሞዴልስ? ስንመለስ ሜሮን ሚኒባሱ ውስጥ ዓይኗን ጥላብኝ ቆየች። "ጋሼ፣ የማሩ ኮት ሆን ተብሎ ሰፊ የተሠራ ነው። መወዛወዝ ነው ያለበት።" ስትለካኝ የነበረው በዓይኗ ነው። በኋላ እንዳየነው፣ እንዲወዛወዝ የተሠራው ኮት እኔ ላይ ልክክ አለ።

ዓርብ

ጋሽ ወልዴ በረንዳ ስንደርስ ስድስቱ ኮቶች በገመድ ተሰቅለዋል። ተተኩሰው ያብለጨልጫሉ። እያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ ኪስ አላቸው።

ሜሮን እንደ ሐውልት ቆመች። የቡናው ኮት አራት የቀንድ ቁልፍ ተደርድሮበታል፤ ወዲያው አወቅኋቸው፤ የእትዬ አሰለፈች ባል ቁልፎች ናቸው። እሳቸውም ከጋሽ ወልዴ ጎን ቆመው ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት በርቷል። ለእኔ ለነጩ ኮት ደግሞ የተለየ ክብር ተሰጥቶታል፦ ሌሎቹ ኪሶች የተለጠፉ ሲሆኑ፣ የእኔ ደረት ላይ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ገበር ገብቶለት ሌላ ኪስ ተሰፍቷል።

"ሒሳብ የለውም" አለ ጋሽ ወልዴ። "ችግራችሁን እኚህ ሰውዬ ነግረውኛል።"

ሜሮን ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ጎጀብ ላይ ሻንጣው ሲወድቅ እንኳ እንዲህ አላየችኝም።

"ጋሽ ወልዴ" አለች፣ ድምፅዋ እየተሰነጠቀ፣ "ኮቶቹ አልቀው ነበር እኮ። የነገው ሁሉ ነገሬ እነሱ ናቸው። ባዶ እንዲሆኑ ነው አንድ ዓመት የሠራሁባቸው።"

ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። መነጽሩን አወለቀ። "ልጄ፣ ልዋሽሽ አልችልም፤ የችግሩ ነገር ብቻ አይደለም። ይህን ነጩን ስተኩስ እጄ እምቢ አለኝ። ኪስም ቁልፍም የሌለው ነጭ ልብስ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ መግነዝ። እሱን የሚለብስ ሰው ደግሞ ልለካ ብሎ አይመጣም። እኚህ ሰውዬ ቆመው እየሳቁ አመጡልኝ። ክፉ ነው አልኩ። ኪስ ካለው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የሚይዘው ነገር አለው።"

የሐሙሱ ሳቄ አሳፈረኝ።

ከዚያ ጋሽ ወልዴ ምላጭ አነሳና የራሱን ስፌት መተርተር ጀመረ። እትዬ አሰለፈች ሌላ ምላጭ ያዙ። እኔ ሦስተኛውን ያዝኩ፤ መጀመሪያ የተረተርኩት አውራ ጣቴን ነው። ናታን ከአዲስ አበባ ደርሶ፣ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ፣ "ሻወር የት ነው?" ሲል ምላጭ አስያዝነው። ቀኑን ሙሉ ስንተረትር ዋልን። ያለፈ ያገደመው ጎረቤት ሁሉ በረንዳው ላይ ቁጭ እያለ አንድ ኪስ ሲነሳ "ተመስገን" ይላል። መርፌው የተወውን ቀዳዳ ጋሽ ወልዴ ውሃ እየረጨ፣ በጥፍሩ እያሸ፣ በካውያው እያባበለ ዘጋው። ኮቶቹ እንደ ልደታቸው ቀን ባዶ ሆኑ።

የእኔ ግን ተቆርጧል። የተቆረጠ ጨርቅ በይቅርታ አይገጥምም። ሜሮን በጣቷ ኪሱን ዳሰሰችው። "ይህችን አንዲት ኪስ አንድ ሺ ሰው ያያታል" አለች። ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሺ ሰው ከየት ይመጣል ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ታገሰ የሚባሉ ደግ ሰው ናቸው። ሜሮን ባዶ ግድግዳ ፈልጋ ነበር፤ ሊያስደስቷት ፊኛና የፕላስቲክ አበባ ሰቅለው ጠበቁን። አወረድን። ወንበር አስተካክለው "ኦፕኒንግ ስፒች ማን ነው የሚያደርገው?" አሉ።

"ንግግር የለም፣ ጋሽ ታገሰ።"

"እሺ፣ ሙዚቃውስ?"

"ሙዚቃም የለም።"

አቶ ታገሰ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ባጀት ነው?" አሉ በሹክሹክታ። በዚህ ሳምንት ስለ ገንዘብ ምንም እንዳልናገር ስለማልኩ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ሙዚቃውን ሰማዩ ራሱ አመጣው። ወይዘሮ ህሊና ጫማቸው ላይ ግማሽ የካፋን ጭቃ ተሸክመው ፊት ወንበር እንደተቀመጡ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ጋሽ ወልዴ የክት ኮቱን ለብሶ መጥቷል። ከመድረኩ በስተኋላ ደረቴን መታ መታ አድርጎ "ብርድ ከመጣ እዚያ አለ" አለኝ። የእጄ ማሞቂያ ማለቱ መሰለኝ።

መጀመሪያ ናታን ወጣ። በቀርከሃው ኮት፣ ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ። ከመጋረጃው ኋላ ስሰማ አንዲት እናት "ውይ፣ ማን ሞቶበት ነው?" ይላሉ። ሌላዋ "አሞት ነው፤ አታይም እንዴ ክሳቱን!" አሉ።

ከዚያ መምህር ደሳለኝ። ፈተና እንደሚፈትን ሆኖ ወጣ። ግን ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ፊት ረድፉ ብድግ አለ። ቦንጋ ሳለ ያስተማራቸው ልጆች ወላጆች ናቸው፤ መምህር ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ ወላጅ የለም። "መምህር፣ እንደምን ዋሉ?" አሉ አንድ አባት። ደሳለኝ ፊቱን እንደዘጋ አለፋቸው። ሰውየው ክፉኛ ደነገጡ፦ "ኧረ መምህር፣ ምን አጠፋን?"

እዚህ ላይ የወሎ ልጅ ጨዋነቱ ከሚኒማሊዝም በለጠ። ተመለሰ፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። አንዱን ጨብጦ ሌላውን መዝለል ነውር ስለሆነ ረድፉን ሙሉ ጨበጠ። ኮሌታ የሌለው ኮት አንገቱ ላይ ሲታጠፍ፣ እጅጌው ሲሳብ፣ ጀርባው ሲለጠጥ አየነው። ሜሮን አጠገቤ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። "አለቀልኝ ጋሼ" አለች።

ተራው የእኔ ነበር። "እኔስ? ልጨብጥ ወይስ ልዝጋ?" ብላት "የፈለግኸውን አድርግ" ብላ ወደ መድረኩ ገፋችኝ።

ወጣሁ። ሆዴን ሳብኩት፤ አልተሳበም። አዳራሹ በሙሉ እንደገና ብድግ አለ፣ ሽበቴን አይተው ነው። ጨበጥኩ። ሳምኩም። "የሜሮን አጎት ናቸው" "እንኳን ደህና መጡ" ሲባባሉ እሰማለሁ። ጋሽ ወልዴ ጋ ስደርስ ደረቴን አይቶ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። እኔም እጄን ኪሴ ላይ ጣል አድርጌ ጎንበስ አልኩለት። ወይዘሮ ህሊና ብቻ አልቆሙም፤ አገጫቸውን ይዘው ያያሉ።

ሲያልቅ ሜሮንን ጠሯት። ሁላችንም ተከትለን ከበብናቸው፤ ቦንጋ ውስጥ ብቻውን የሚነገረው ሰው የለም።

"እኔ እስከዛሬ ሳይ የኖርኩት ልብስ ሲሄድ ነው" አሉ ወይዘሮ ህሊና። "ዛሬ ሰው ሲሄድ አየሁ። እንደዛሬው እየጨበጡ ይሂዱ። መምህሩ አዲስ አበባ ይምጣ። እኚህ ወፍራሙ ሰውዬም ይምጡ።"

ወፍራሙን ይቅር አልኳቸው።

"አንድ ነገር ግን አለ" ቀጠሉ። "ያቺ ደረት ላይ ያለች ኪስ ትውጣ። ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ እሷ ብቻ ሥርዓቱን ታፈርሳለች። ነጩን ኮት እንደገና ሥሪው።"

ጋሽ ወልዴ እዚያው ቆሟል። መነጽሩን አውልቆ ያብሳል፤ ንጹሕ መነጽር ነው የሚያብሰው። ዓርብ ዕለት የሜሮንን ልብ የሰበረች ኪስ ነች፤ "እሺ" ብትል ማን ይወቅሳታል? ባንኩም በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ሜሮን ደረቴ ላይ ያለችውን ኪስ አየች። ጋሽ ወልዴን አየችው።

"አትወጣም" አለች።

"ምን?"

"የማያስፈልግ ነገር እንዲኖር አልወድም። ይቺ ግን ታስፈልጋለች። እኔም ያወቅኩት ትናንት ነው።"

ወይዘሮ ህሊና የእኔን ደረት፣ ከዚያ የልጅቷን ዓይን መረመሩ። "እሺ፣ ትቅር" አሉ በመጨረሻ። "ግን አንዲት ብቻ!"

እትዬ አሰለፈች እልልታውን አቀለጡት። አቶ ታገሰ ዕድል ሲያገኙ ሮጠው ማይክ ያዙና ኦፕኒንግ ስፒቹን በመዝጊያው አደረጉት።

እሑድ

ስንነሳ ሻንጣችን ላይ አንድ ጀሪካን ማርና በጨርቅ የተጠቀለለ ቆጮ ተጨመረ። ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ የሚባል ድንቅ ነገር አለ አሉ፤ አላየሁም። ስለእነሱ የምትጠብቁ ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ፤ ስለ ጎመኑ ግን እኔን።

ብርድ ስለነበር ነጩን ኮት ለብሼ ተሳፈርኩ። ጅማ ልንገባ ስንል እጄን ደረት ኪሴ ስከት የሆነ ነገር ነከሰኝ። ጮህኩ።

"ምን ሆንክ ጋሼ?" አለች ሜሮን።

"ቁንጫ ነው።"

ወደ መስኮቱ ስትዞር ቀስ ብዬ አወጣሁት። ክር የገባለት መርፌ ነው፤ ከእሱ ጋር አንዲት የቀንድ ቁልፍ። ብርድ ከመጣ እንድተክላት።

አሁን አዲስ አበባ ልምምድ ላይ ነን። ሜሮን ከመድረክ በፊት ሁልጊዜ ኪሴን ትዳብሳለች። "ባዶ ነው አይደል? ቅርፁን እንዳያበላሸው" ትለኛለች። በራሴ ነቅንቄ አዎ እላታለሁ፤ አፌን አልከፍትም። ቁልፏን ከምላሴ ሥር ሸጉጬአታለሁ።

እሷም "ጋሼ፣ በመጨረሻ ሳትስቅ መሄድ ለመድክ!" ትለኛለች።